አንድ ደረቅ ሰዓት

መምህሯ ነገሩን በስልክ ልትነግራት አልፈለገችም። "መጥተሽ በዓይንሽ ብታዪው ይሻላል" ብቻ ብላ ዘጋችው። እናትየው የመሥሪያ ቤቷ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ክምር ፋይል ታቅፋ ቆማ ነበር። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ አለቃዋን ልታስፈቅድ ስትሄድ ምን እንደሚላት በሆዷ ታውቀዋለች። እሱም አላሳፈራትም። "ደግሞ የልጅሽ ነገር ነው?" አለና ቀና ሳይል በእጁ ሂጂ የሚል ምልክት ሰጣት።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተዋል። መምህሯ ወደ ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ወሰደቻት። ከመጨረሻው ዴስክ ጀርባ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ብቻውን ቆሟል። ከሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ውሃ ተኝታለች።

"እዚህ ነው የማስቀምጣት" አለች መምህሯ። "ምን ላድርግ? የዴስኩ እንጨት ሽታ ያዘ፣ የሌሎቹ ወላጆች አቤት አሉ። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ።"

"ሽንት ቤት አልሄድ ትላለች?"

"እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ፤ ትሄዳለች! ራሴ ወስጃት፣ በር ላይ ቆሜ፣ ስትሸና ሰምቼ እመልሳታለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ረጥባለች። እልህ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? ሰባት ዓመቷ ነው። ወይ ዳይፐር አድርጊላት፣ ወይ አሳክሚያት።"

እናትየው "አሳክሜያታለሁ" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየች። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይጫወታሉ። ልጇ ሚጡ ሹራቧን እርጥቡ እንዳይታይባት ወገቧ ላይ አስራ ወደ ክቡ ጠጋ ስትል አንዱ ጮኸ፤ "ቧንቧዋ መጣች፣ እግራችሁን አንሡ!" ልጆቹ ሁሉ እየሳቁ እግራቸውን አነሡ። ሚጡም አብራ ሳቀች። ያ ሳቅ ነው የእናቷን አንጀት ያሳረረው።

እውነቱን ለመናገር እናትየው ያልረገጠችው የሐኪም ደጃፍ አልነበረም። ሚጡ ዳይፐር ያቆመችው በሁለት ዓመት ተኩሏ ነው። ሽንቷ ሲመጣ ትናገራለች፣ ፖፖዋ ላይ ትቀመጣለች፣ እንደማንኛውም ልጅ ትሸናለች። ፓንቷ ግን ደርቆ አያውቅም። ብዙም አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው። ጠብ ጠቡ ግን ቀኑን ሙሉ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው፤ ልብስ ያበሰብሳል፣ ጭን ይልጣል፣ ፍራሽ ይበላል።

የመጀመሪያው ሐኪም ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጠ። ሽሮፑ አለቀ፣ እርጥበቱ አላለቀም። ሁለተኛዋ "ስታድግ ትተወዋለች" አለች፤ ሚጡ አደገች፣ አልተወችውም። ሦስተኛው አልትራሳውንድ አዘዘ። የሚያነሣት ሰውዬ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ እያወራ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ኩላሊቷ ንጹሕ ነው" ብሎ ሸኛቸው። አራተኛው ተኝተው ለሚሸኑ ልጆች የሚሰጥ ክኒን አዘዘላት። "በቀንም ትረጥባለች እኮ" ብትለው "የቀኑን በኋላ እንመጣበታለን" አላት፤ አልመጣበትም። አምስተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቤት ውስጥ ሰላም ነው? ከባልሽ ጋር ማለቴ ነው" አለቻት። እናትየው ሰላም መሆኑን ስትናገር ከንዴት የተነሣ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሟም መንቀጥቀጡን ጻፈችው።

ዘመድ ደግሞ ያለ ካርድ የሚያክም ሐኪም ነው። ታላቅ እህቷ "አሞላቀቅሻት" አለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከመሪና ከተሳፋሪ ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ ስለ ሽንት መስማት አይፈልግም።

"በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" ይላታል።

"በኛስ ዘር አለ ያለህ ማነው?" ትለዋለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እየተባባሉ ይተኛሉ።

ከምሳ በኋላ ውሃ እንዳትጠጣ ከለከሏት። ሚጡ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ሽንት ቤት መሄዷም ቀነሰ። ፓንቷ እንደ ረጠበ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የእናትየው ታላቅ እህት ቤት የሆነው ነው። እህትየው አዲስ ሶፋ ገዝታ ነበር፤ ገና ላስቲኩ ከክንዱ ላይ አልተላጠም። እናትየው ተጠንቅቃ ልጇን አስቀድማ ሽንት ቤት ወሰደቻት፣ በደንብ ሸናች፣ ልብሷንም ለወጠችላት። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሚጡ ኬክ ለማንሣት ከሶፋው ብድግ ስትል የተቀመጠችበት ቦታ ጠቁሯል። እናትየው እጇ መቼ እንደ ተነሣ አታውቅም፤ ጥፊው ሲጮኽ ነው የሰማችው።

"እኔ አይደለሁም!" አለች ሚጡ ጉንጯን ይዛ። "ራሱ ነው የሚወጣው! እኔ ሸንቼ ጨርሻለሁ!"

"ዝም በይ!" አለች እናቷ።

ከትምህርት ቤት በተጠራች ማግሥት እናትየው ቢሮዋ ተቀምጣ አለቃዋ አንድ ባለጉዳይ ሲቆጣ ሰማች። "በቃል የምትነግረኝን የት መዝገብ ላይ ላስገባው? ጽፈህ አምጣ!" ይላል። ይህን ንግግር ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ያን ቀን ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። እሷም ለአምስት ሐኪም የነገረችው ሁሉ በቃል ነው። "ሁልጊዜ ትረጥባለች" ነበር የምትላቸው። ሁልጊዜ ማለት ስንት ነው? ከመሽናቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሷ ራሷ አታውቀውም።

ሦስት ቀን የዓመት ፈቃድ ወሰደች። አንድ ባለመስመር ደብተር ገዝታ አራት ዓምድ አሰመረችበት፤ ሰዓት፣ ሽንት ቤት፣ እርጥብ፣ ደረቅ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሚጡ ፓንት ውስጥ የምታደርገውን የታጠፈ ነጭ ጨርቅ እየለወጠች አየች። ውሃም እንደ ልቧ እንድትጠጣ ፈቀደችላት። ባሏ ምሳውን ሊበላ ገብቶ ደብተሩን ሲያይ "ደግሞ ቤቱን ቢሮ አደረግሽው?" አለ፤ እሷ ሰዓቷን አይታ ቀጣዩን መስመር ሞላች።

በሦስት ቀን ሰባ ስምንት ጊዜ አየች። ሰባ ስምንቱም "እርጥብ" ስር ገቡ። "ደረቅ" ያለችው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶዋን ቀረች። ሚጡ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዳ በደንብ ትሸናለች፤ ሸንታ ስትመለስም ጨርቁ ያው ነው፣ ሳትሸና ስትቆይም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ከሽንት ቤት እንደ ወጣች አድርቃ ንጹሕ ጨርቅ አደረገችላት፣ አልጋ ላይ አስቀምጣት ሰዓቷን ያዘች። ሚጡ አላሳለችም፣ አልሳቀችም፣ አልተነቃነቀችም። በአራት ደቂቃ ውስጥ ጨርቁ ላይ የቁልፍ ያህል ክብ እርጥበት ወጣ።

እናትየው ጨርቁን ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው። ይህ እልህ አይደለም። አሁን ሸንታ የጨረሰች ልጅ እልህ የምትይዝበት ሽንት ከየት ታመጣለች?

ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ክሊኒክ ሄደች። ተራው የደረሳት ወጣቱ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ያ ክኒኑን ያዘዘው። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በጣቱ ገፋ አደረገው።

"የኔ እናት፣ እኛ በምርመራ ነው የምንሠራው፣ በደብተር አይደለም።"

"እሺ፣ ይመርምሯታ!"

"ተመርምራለች እኮ። ኢንፌክሽን የለም፣ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው። የባሕርይ ነገር ነው አልኩሽ።"

"ዶክተር፣ ሸንታ በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው የረጠበችው። አንድ ገጽ ብቻ ይመልከቱልኝ።"

"ውጪ ስንት ሰው እንዳለ አይተሻል?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀጣዩን ካርድ ማንሣት ሲጀምር እናትየው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለችና ወንበሩ ላይ ተደላደለች። ሚጡንም ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

"አልነሣም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉልኝና እነሣለሁ። ካልጻፉልኝ እዚሁ ነኝ። ልጄም እዚሁ ናት፤ ወንበርዎም ይረጥባል።"

ሐኪሙ ሚጡን አየ፤ ወንበሩን አየ። ወንበሩ ባለ ስፖንጅ ነበር። ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መትቶ ሰጣት። የጻፈው ለልጅቷ ብሎ ሳይሆን ለመገላገል ነው፤ ወረቀት ግን ወረቀት ነው።

ትልቁ ሆስፒታል ካርድ አወጡላቸውና የአራት ወር ቀጠሮ ሰጧቸው። አራቱ ወር እየተጎተተ አለቀ። በቀጠሮው ቀን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ካርዷ የለም" አላት።

"የለም ማለት?"

"የውሃ ሽታ ሆኗል። ሌላ ቀጠሮ ያዢ።"

እናትየው እዚያ ቦታ ላይ ማልቀስ ትችል ነበር፤ ከፊቷ ያለችው ሴትዮ እያለቀሰች ነው የሄደችው። ግን መዝገብ የጠፋበት ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። ዞራ በበሩ ገባች። ሠራተኛው "ወዴት ነው? አይቻልም!" እያለ ተከተላት። እሷ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ቃኘችው፣ ቁጥሩን ከቀጠሮ ወረቀቱ ላይ አነበበች፣ ከዚያ ሦስት መደርደሪያ አልፋ ጎንበስ አለች።

"አራት ሺህ አሥራ ስድስት ናት። እናንተ አራት ሺህ ስድሳ አንድ አጠገብ ነው የከተታችኋት" አለችና ካርዱን መዝዛ ሰጠችው። "ማታ ማታ ደክሟችሁ ስትመልሱ ቁጥር ይገላበጥባችኋል። እኛም ጋ እንደዚሁ ነው።"

ሠራተኛው ካርዱን አየ፣ እሷን አየ። "ሥራ አትፈልጊም?" አላት።

ወረፋው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ግን በሌላ ነገር ተማረዋል። የተመደቡበትን የልጆች ቀዶ ሐኪም በሽተኛው ሁሉ "ቀስ በቀስ" ነው የሚለው። "ጠዋት የገባ ለከርሞ ነው የሚወጣው" አለ አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ታቅፎ። እናትየው ቀኗን ረገመች። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ቀርፋፋ! ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ሚጡን አራት ጊዜ ለውጣ፣ ስትገባ ለጥል ተዘጋጅታ ነበር።

ቀስ በቀስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰካ ቀጭን ሰው ነው። "ተቀመጪ እናቴ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለ።

"ልጄ ሁልጊዜ ትረጥባለች። ጽፌዋለሁ" ብላ ደብተሩን ገፋችለት፣ ከዚያ እጇን አጣምራ እስኪመልስላት ጠበቀች።

አልመለሰላትም። መነጽሩን አውርዶ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። በበሩ ነርሷ አንገቷን ብታስገባ በእጁ መለሳት። ሰባ ስምንቱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ጨረሰና መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰው።

"እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከተወለደች ጀምሮ፣ በቀንም ይሁን በሌሊት፣ ተኝታም ይሁን ነቅታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ደረቅ ሆና ታውቃለች? አንድ ደረቅ ሰዓት?"

"አታውቅም።"

"ሽንት ቤትስ እንደ ሌላው ልጅ ትሄዳለች?"

"ትሄዳለች። በደንብ ትሸናለች።"

"ሁለቱም በአንድ ላይ" አለ ለራሱ እንደሚናገር። "እንደ ልጅ ትሸናለች፣ እንደ ሕፃን ትንጠባጠባለች። ይሄን እስካሁን ማንም አልጠየቀሽም?"

"ማንም። ማንም አልጠየቀኝም።"

ሐኪሙ ወደ ሚጡ ዞረ። "አንቺስ ምን ትያለሽ? ሲወጣ ይታወቅሻል?"

ሚጡ እናቷን አየች፤ ይነገር ይሆን እንደማለት። "አይታወቀኝም" አለች ቀስ ብላ። "ሽንቴ ሲመጣ ይታወቀኛል። ያኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።"

"ያኛው" ብሎ ደገመው ሐኪሙ። ቃሉን እንዳለ ካርዱ ላይ ሲጽፈው እናትየው አየች።

በዚያው ቀን አንድ ቀላል ምርመራ አደረገላት። ነርሷ በቀጭን ቱቦ ሰማያዊ ቀለም ያለው ውሃ የሽንት ፊኛዋ ውስጥ ጨምራ ቱቦውን አወጣችና ነጭ ፋሻ ፓንቷ ውስጥ አድርጋላት "በኮሪደሩ ውስጥ ተመላለሺ" አለቻት። ሚጡ ቱቦው ሲገባ አልቅሳለች፤ አሁን ግን እንደ ወታደር እየረገጠች ግማሽ ሰዓት ተመላለሰች። ከዚያ ፋሻው ወጣ። ርሷል፤ ነገር ግን ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም፣ እንደ ንጹሕ ውሃ ነው። ቀጥሎ ሽንት ቤት ሄደች።

"እማ! ሰማያዊ ሸናሁ! ነይ እዪ!" ብላ ጮኸች ከውስጥ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ቀስ በቀስ እርጥቡን ፋሻ ለእናትየው አሳያት። "ፊኛዋ ውስጥ ያለው ሽንት ሰማያዊ ነው። ይሄ ሰማያዊ አይደለም። ስለዚህ ይሄ ከፊኛዋ አልመጣም። ሽንት ከኩላሊት በቱቦ ይወርድና ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፊኛ በር አለው፣ እስክንፈልግ ይዘጋል። ለአንድ ኩላሊት አንድ ቱቦ ነው ደንቡ። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ኩላሊት ሁለት ሆኖ ተጣብቆ ይፈጠርና ትርፍ ቱቦ ያወጣል። ያ ትርፍ ቱቦ መንገድ ይስታል። ፊኛ ውስጥ መግባቱን ትቶ ከበሩ ወዲህ ይከፈታል። እሱ የሚያመጣውን የሚይዝ በር የለም። የመሰለኝ ይሄ ነው፤ በምስል እናረጋግጣለን።"

"አልትራሳውንዱስ? ንጹሕ ነው ብለውኝ ነበር።"

"ትርፏ ቁራጭ ትንሽ ከሆነች ተሸሽጋ ታልፋለች። በተለይ ካልፈለጓት።"

"ቀስ ብለው ካልፈለጓት" አለች እናትየው። ሐኪሙ ቅጽል ስሙን ያውቅ እንደሆነ አታውቅም፤ ፈገግ ያለ መሰላት።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እናትየው ልጇን ፊት ለፊት ማየት አቃታት።

"ሚጡ፣ ያን ቀን እትዬ ቤት የመታሁሽ..."

"ሶፋው ላይ?"

"አዎ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለች ሚጡ፤ ሳትቆጣ፣ የረሳ ሰው እንደምታስታውስ። "ራሱ ነው የሚወጣው ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"ለምን አላመንሽኝም?"

እናትየው መልስ ፈለገች። ሐኪሞቹን፣ እህቷን፣ መምህሯን፣ ባሏን ሁሉ በየተራ በልቧ ጠራቻቸው፤ አንዱም ለልጅቷ የሚነገር መልስ አልሆነላትም። "ልክ አልነበርኩም" አለች በመጨረሻ። ሚጡ ትንሽ አሰበችና "እርቦኛል" አለች።

ሰው ይህን ሲሰማ ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ማን አልቆለት! ምስሉን የሚያነሣው ኤምአርአይ ተበላሽቷል፤ ዕቃው ከውጪ እስኪመጣ አሉ። በየሳምንቱ ሰኞ ትደውላለች። "ዛሬም የለም።" "በሚቀጥለው ሳምንት።" "ቴክኒሻኑ ፈቃድ ወጥቷል።" ሰባት ሰኞ ደወለች። በስምንተኛው ድምጿን ለይተው "የደብተሯ እናት ነሽ?" አሏት፤ ተሠርቶ ነበር።

ምስሉ ላይ በግራ ኩላሊት አናት፣ ከባቄላ ከፍ የምትል ቁራጭ ተለጥፋ ታየች። ከእሷ ቀጭን ቱቦ እየተጠማዘዘ ወርዶ ፊኛውን አልፎ ይሄዳል። ባልየው አብሮ መጥቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን በዓይኑ እስከ ታች ተከተለው።

"ይቺ ናት?" አለ። "በዚች ነው ልጄ ያን ሁሉ የሆነችው?"

"እሷ ናት" አለ ቀስ በቀስ። "ቁራጯ የምትሠራው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከነቱቦዋ እናወጣታለን፤ የቀረው ኩላሊት ጤነኛ ነው፣ ይበቃታል።"

ወደ ቤት ሲመለሱ ባልየው በሚስቱ በኩል ያለውን የአውቶቡስ መስኮት ነፋስ እንዳይመታት ዘጋላት። ከእሱ ይቅርታ ማለት ይኸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልበቃትም።

ቀዶ ጥገናው ሁለት ጊዜ ተላለፈ። በመጀመሪያው ቀን ሚጡ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየች በኋላ ማደንዘዣ ሰጪው ለድንገተኛ ተጠርቷል ተባለ። በሁለተኛው ልጅቷን ጉንፋን ያዛት። እናትየው ሳህን ስታጥብ ከንዴት ወርውራ ሰበረችው፤ ሳህኑ ምንም አላደረጋትም። በሦስተኛው ቀን ግን ሚጡን አረንጓዴ ጋውን አልብሰው በተሽከርካሪ አልጋ አስገቧት። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ባልየው ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ "ወለሉን እንደገና ልታስጠርገኝ ነው" ብላ ተቆጣችው።

ቀስ በቀስ ሲወጣ ቆቡን ከራሱ ላይ አላወረደም። "ወጣች" አለ። "ደህና ናት።"

ለሁለት ቀን የሽንት ቱቦ ገብቶላት ስለነበር ምንም አይታወቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ቱቦውን አወጣችና ንጹሕ አንሶላ አነጠፈችላት። እናትየው በየግማሽ ሰዓቱ እጇን ከልጇ ሥር ሰደድ እያደረገች ነካች። ደረቅ። እንደገና ደረቅ። ሚጡ ተነሥታ ሽንት ቤት ሄዳ፣ ጎኗን ይዛ እየተነጫነጨች ተመልሳ ተኛች። ከአንድ ሰዓት በኋላም ደረቅ ነበረች። እናትየው ደስታዋን ጠበቀችው፤ መጣ፣ ግን ብቻውን አልመጣም። ሦስት ሰዓት ሥራ፣ አንድ ፋሻ፣ አንድ ጥያቄ! ሰባት ዓመት የፈጀው ይህ ነው? የነርሷን ጠረጴዛ ይዛ ዕንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ነርሷ "ደርቃለች እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል?" አለቻት። "ተናድጄ ነው" አለች።

ከወር በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ የቀስ በቀስን የሕክምና ማስረጃ ቅጂ ይዛ ወደዚያ ክሊኒክ ሄደች። ልትጣላ አልነበረም። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን እየተጣደፈ አነበበ፤ መሃል ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቀስ አለ።

"ይሄ እኮ ብዙ የማያጋጥም ነገር ነው" አለ።

"አውቃለሁ። ላጋጠመው ሰው ግን ማነሱ አይጠቅመውም። ሌላ እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ ደረቅ ሰዓት አላት ወይ ብለው ይጠይቁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እሺ" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይጠይቅ ይሆን አይጠይቅ እሷ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ በሩን ስትዘጋ ቀጣዩን ተረኛ ሲጠራ ሰማችው።

ሚጡ ዳነች፤ ልማዷ ግን ቶሎ አልዳነም። ትምህርት ቤት ከጓደኞቿ ጋር ዴስክ ላይ እንድትቀመጥ ቢፈቀድላትም የምትቀመጠው በዳሩ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥም ወንበር እያለ ትቆማለች። "ተቀመጪ እንጂ የኔ እናት" እናቷ ስትላት "ግድ የለም፣ እቆማለሁ" ትላለች። እናትየው በዚህም ትናደዳለች፤ በልጅቷ ሳይሆን ልጅቷን መቆም ባስተማሩት ሁሉ ላይ፣ ራሷንም ሳትጨምር አትቀርም።

አንድ ቅዳሜ በአባትየው አውቶቡስ ሲሄዱ መስመሩ ረጅም ሆነና ሚጡን ደከማት። በመጀመሪያ ወንበሩን ተደገፈች። ከዚያ ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለች። ሁለት ፌርማታ ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ ተሳበችና እግሯ ከወለሉ እስኪነሣ ተደላድላ ተቀመጠች። አባቷ በመስታወቱ አያቸው። እናትየው ብትናገር ልጅቷ ትነሣለች ብላ ፈርታ በመስኮቱ ወደ ውጪ ማየት ጀመረች።